ጋን በጠጠር ይደገፋል፦ ከድሬዳዋ ጠላ ቤት ደጃፍ

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ ወርጄ ነበር። ድሬዳዋ ስትነሣ የሁላችንም ሐሳብ አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ ባቡሩ፣ ወደ ቀፊራ ገበያ፣ በዛፍ ጥላ ወደ ተሸፈኑት የከዚራ መንገዶችና ወደ ሕዝቡ ፍቅር ነው። ይህ ሁሉ ብዙ የተጻፈለትና የተዘፈነለት ስለ ሆነ ለዛሬ እናቆየውና፣ እምብዛም ስለማይጻፍለት፣ ሲነሣም በቀልድ ወይም በሹክሹክታ ስለሚነሣ አንድ ቤት ላውጋችሁ። እርሱም ጠላ ቤት ነው።

«የሴቶችና የቤተሰብ አምድ ከጠላ ቤት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ጉዞ በፊት የእኔም አስተያየት ከእናንተ የተለየ አልነበረም። ጠላ ቤት ሲባል የሚታየኝ አባወራ ደመወዙን የሚያጎድልበት፣ እናት ደግሞ ራቱን ከድና በር በሩን የምታይበት ምክንያት ነበር። በድሬዳዋ የቆየሁባቸው አራት ቀናት ግን ከጣሳው ወዲያ ያለውን አሳዩኝ። ለጠጪው መዝናኛ የሆነው ይህ ቤት ለባለቤቲቱ ፋብሪካዋ፣ ጓዳዋና ልጆቿን ያሳደገችበት ጎጆዋ ነው።

ጣሳ የተደፋበት ዘንግ

በድሬዳዋ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ከተማው ጸጥ ይላል። ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ሰውም ጥላ ፍለጋ ወደየቤቱ ይገባል። መንገዱ እንደገና ነፍስ የሚዘራው ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ነው። አብራኝ የነበረችው የከተማዋ ተወላጅ ባልደረባዬ በዚያ ሰዓት መጥታ፣ «ተነሽ አቦ! ድሬን ከሆቴል በረንዳ ላይ ሆነሽ አታውቂያትም» ብላ ይዛኝ ወጣች።

ከከዚራ ተነሥተን ደቻቱን ተሻገርን። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው እንደ ሜዳ ይመላለስበታል። ቀፊራን ከእነ ሁካታው አልፈን ወደ አንድ ጠባብ ቅያስ ስንገባ ባልደረባዬ በጣቷ ወደ ላይ አመለከተችኝ። በአንድ የግቢ በር አናት ላይ ረዘም ያለ ዘንግ ቆሟል። በዘንጉ ጫፍ ላይ አንድ ጣሳ ተደፍቷል።

«ይህ ታፔላው ነው። ጣሳው ከተደፋ ጠላ አለ ማለት ነው። ጠላው ሲያልቅ ይወርዳል» አለችኝ።

ይህ ምልክት ድሬዳዋ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በብዙ የአገራችን ከተሞችና የገጠር መንደሮች ይታወቃል። ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም፣ ለማስነገር ገንዘብ አይከፈልበትም። ከየትኛውም አገር የመጣ እንግዳ የየትኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ቢሆን ይገባዋል። ከጅቡቲ፣ ከሸዋ፣ ከጨርጨርና ከኦጋዴን የመጣ ሰው በሚተላለፍባት ከተማ ከዚህ የተሻለ ታፔላ ከየት ይመጣል?

ወደ ግቢው ስንዘልቅ ከኒም ዛፍ ሥር ሦስት አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። አምስት ያህል ሰዎች ተቀምጠው ቀስ ብለው ያወጋሉ። ሙዚቃ የለም፤ ጩኸትም የለም። አንዱ ቀለም የነካው ልብስ የለበሰ ግንበኛ ነው። ሌላው ጋሪ ነጂ ነው። ከዳር የተቀመጡት ነጭ ጠጕር ያላቸው ሰው ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለሉ ናቸው። ከጓዳ ብቅ ያሉት ወይዘሮ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጣሳውን በቀኝ እጃቸው ይዘው መጡ። ከጠላው ጥቂት በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱና ለእኔ አቀረቡልኝ። ይህ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ሥርዓት ነው፤ «እኔ ያልቀመስኩትን አላቀምስሽም» ማለት ነው።

ስማቸውን በጋዜጣ እንዳላወጣ ስለ ለመኑኝ ሁሉም እንደሚጠሯቸው እኔም «እማማ» እያልኩ ልቀጥል። ዕድሜያቸው ሰባን ዘልቋል። ጋዜጠኛ መሆኔን ስነግራቸው ሣቅ አሉና፣ «ታዲያ የኔ ልጅ፣ ለጋዜጣ የሚሆን ምን አለ እኔ ቤት? ጋንና ጌሾ ነው» አሉኝ።

ከሃዲዱ ጋር የመጣች ከተማ

የእማማን ቤት ታሪክ ለመረዳት የከተማዋን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲሠራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሃዲዱ ወደ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ወደዚያ ተራራማ ከተማ መውጣት ገንዘብም ጉልበትም የሚጨርስ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሥፍራ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ስሙ ግን አልሰነበተም፤ የነባሩ አገር ስም ድሬዳዋ ጸና።

ሃዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው ገና በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት ለዓመታት ድሬዳዋ የባቡር መጨረሻ ነበረች ማለት ነው። ከባሕር የመጣው ዕቃ እዚያ ይራገፋል፤ ከመሐል አገር የወረደው ቡናና ቆዳ እዚያ ይጫናል። ግመሉ፣ በቅሎው፣ ነጋዴው፣ ተሸካሚው ሁሉ በዚያ ይገናኛል። ከዚያም በኋላ ቢሆን 784 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው መስመር ትልቁ የጥገና ወርክሾፕ ድሬዳዋ ስለ ነበር ብረት ሠራተኛው፣ እሳት ማንደጃው ላይ የሚቆመው፣ ነጂው፣ ሃዲድ ጠባቂው በዚያ ሠፈረ።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ። ይህ ሁሉ ሠራተኛ አብዛኛው ቤተሰቡን ትቶ የመጣ ወንድ ነበር። ማን ያበላው ነበር? ማን ውሃ ያቀምሰው ነበር? ሲታመም ማን ይጠይቀው ነበር? ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ማን በዱቤ ያቆየው ነበር? የመሐንዲሶቹና የኩባንያዎቹ ስም በመጻሕፍት ሠፍሯል። ጋኗን ተክላ፣ ጣሳዋን ደፍታ በሯን የከፈተችው ሴት ስም ግን ከጎረቤት ጆሮ አላለፈም።

እማማ ለዚህ ሕያው ምስክር ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከቡልጋ ተነሥተው፣ ከአዲስ አበባ ባቡር ተሳፍረው ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። አክስታቸው በዚያ ጠላ ቤት ነበራቸው። «ከባቡር ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን ገረፈኝ» ይላሉ። «አክስቴን 'ዛሬውኑ መልሱኝ' ብዬ አለቀስኩ። እርሳቸውም 'እስኪ ጥንስሱ ይድረስና እንነጋገራለን' አሉኝ። ይኸው ጥንስሱ እስካሁን አልደረሰም!»

የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን ያገኙትም ከዚያው ቤት ነው። ጡረተኛው አዛውንት ጣልቃ ገብተው፣ «እኛ ቤታችን ሩቅ ነበር። የታመመ ሰው አጥሚት የሚጠጣው እዚህ ነው። ደብዳቤ የሚላክልን በዚህ ቤት አድራሻ ነው። የሞተብን ሰው ካለ መርዶ የተረዳነው እዚህ ነው» አሉኝ። ጠላ ቤት የሚለው ስም ለዚህ ሁሉ ሥራ አነሰበት።

ከብቅል እስከ ቅራሪ

ጠላ መጠጣት የአፍታ ሥራ ነው። መጥመቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የከተማ ልጆች የሆንን ብዙዎቻችን ለበዓል እንኳ ከመግዛት በቀር ስለማናውቀው፣ ከእማማ ጓዳ ያየሁትንና የሰማሁትን በአጭሩ ላስፍር።

በመጀመሪያ ብቅሉ ነው። ገብሱ ወይም ስንዴው በውሃ ይዘፈዘፋል፤ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪያቆጠቁጥ ይቆያል፤ ከዚያ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። ቀጥሎ ጋኑ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያም ተደፍቶ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጠላ ሲቀመስ የሚሸተው ያ ደስ የሚል የጭስ ሽታ ከዚህ የመጣ ነው። የተወቀጠው ጌሾ ከጥቂት ብቅልና ከውሃ ጋር ሲገባ ጥንስስ ይባላል። ጥንስሱ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። በዚህ መካከል ዱቄቱ ወፍራም ቂጣ ሆኖ ይጋገርና ተቆራርሶ ይጨመራል። የተቆላው እህል ይፈጭና፣ በውሃ ርሶ እንደገና በምጣድ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል። እንኩሮው ከጥንስሱ ሲቀላቀል ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላበትና አፉ ይከደናል።

ሳይጠል የሚቀዳው ጉሽ ነው። ረግቶ ሲጠል ዋናው ጠላ ነው። ያ ካለቀ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ ነው። የተረፈው አተላ ለከብት መኖ ይሄዳል። የሚጣል ነገር የለም። በትግርኛ ሱዋ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ የሚባሉትም የዚሁ የጠላ ዘመዶች ናቸው።

በድሬዳዋ ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለበት። ጌሾና ገብስ የደጋ ፍሬዎች ስለ ሆኑ ከደጋው ተጭነው ይመጣሉ። የከተማው ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ድስትና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል። ከሁሉ የሚከፋው ሙቀቱ ነው። በደጋ ቀናት የሚፈጀው ጥንስስ በቆላ ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎም ይኮመጥጣል። «ደጋ ላይ ጠላ ይጠብቅሻል፤ ድሬ ግን አንቺ ትጠብቂዋለሽ» ይላሉ እማማ። ጋኖቻቸውን በቤቱ ጨለማ ጥግ ያቆማሉ። በዙሪያቸው እርጥብ ጆንያ ይጠመጥማሉ። ሌሊት እየተነሡ ጆሯቸውን ወደ ጋኑ አስጠግተው ድምፁን ያዳምጣሉ። ጎላ ብሎ ከፈላ አንድ ነገር፣ ዝም ካለ ሌላ ነገር ይነግራቸዋል። ይህን ዕውቀት የሰጣቸው ትምህርት ቤት የለም። ከአክስታቸው እጅ ወደ እጃቸው ያለፈ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከንጋቱ በፊት ነው። እንኩሮ የሚያምሱት የጠዋት ቅዝቃዜ ሳያልፍ ነው፤ ምክንያቱም በቀትር ከምጣድ ፊት መቆም በድሬዳዋ አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ይሸጣሉ። ማታ ጣሳውን ያጥባሉ፣ ግቢውን ይጠርጋሉ፣ የዱቤውን ሒሳብ በአእምሯቸው ይይዛሉ። የዓመት በዓል ለሌላው ዕረፍት ሲሆን ለእርሳቸው የሥራ ብዛት ነው። ጭሱ ዓይናቸውን አድክሞታል። ወገባቸውንም ጋን ማንሣትና ማዘንበል ጎድቶታል።

ጋኖቹን ሳይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የጋን ቂጥ ክብ ስለ ሆነ ብቻውን አይቆምም፤ ከሥሩ ትናንሽ ድንጋዮች ተሸጉጠዋል። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን በዓይኔ አየሁት።

ደቻቱ የመጣ ሌሊት

ይህ ቤት በሰላም ብቻ አልኖረም። በ1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር ወደ ድሬዳዋ በገፋበት ጊዜ የባቡሩ መስመር ተቆርጦ ነበር። «ጣሳውን አወረድኩ። ድፍድፉን ለጎረቤት ከብት ሰጠሁ። ስንቅ ማዘጋጀት ያዝን» ይላሉ እማማ። ከተማዋ ከጥቃቱ ተረፈች፤ ጣሳውም እንደገና ወጣ።

ሁለተኛው ፈተና ከሰው የመጣ አልነበረም። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ ሕዝቡ በተኛበት ወደ ከተማዋ ገባ። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ በሺሕ የሚቆጠሩት ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ያ ቀን ደረቅ አሸዋ ሆኖ የተሻገርኩት ወንዝ ይህን ማድረጉን ለማመን ይከብዳል።

የእማማ ቤት በዚያን ጊዜ ወደ ወንዙ ቀረብ ያለ ነበር። ከጎናቸው የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤታቸው በሩን ደብድባ ቀሰቀሰቻቸው። የመጨረሻዋን ልጃቸውን በጀርባዋ አዝላ ወደ ከፍታው ያወጣችው እርሷ ነች። ሲነጋ ከጋኖቹ አንድም የቀረ አልነበረም። «ስባሪ እንኳ አላገኘሁም» አሉኝ። «ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ያቺ ጎረቤቴ፣ 'አባዮ፣ ጋን ይገዛል። ልጅ ግን አይገዛም' አለችኝ።» አባዮ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው።

የሁለቱ ሴቶች ጉርብትና አርባ ዓመት ያለፈው ነው። ጎረቤቲቱ ከደጃፏ ሳምቡሳና ባጅያ ትሸጣለች። የሃይማኖቷ ሕግ ስለማይፈቅድ ጠላ ነክታ አታውቅም። ሆኖም አንዷ የሌላዋን በር ሳታንኳኳ ትገባለች። የጎረቤቲቱ ልጅ ስትዳር እማማ የጠመቁላት አልኮል የሌለበት የማር ብርዝ ነበር። ከጎረቤት ለቅሶ ሲኖር፣ የሙስሊምም ይሁን የክርስቲያን፣ የእማማ ጣሳ ከዘንጉ ላይ ይወርዳል። ከጎርፉ በኋላ አዲስ ጋን የተገዛው በእድርተኞችና በአፎቻ ባልንጀሮች መዋጮ ነው። የድሬዳዋ ፍቅር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ በዘፈን ብቻ የሚነገር አይደለም።

ሦስተኛው ፈተና ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ የመጣ ነው። የቀድሞው የአዲስ አበባ መስመር በ2000 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎቱ ተቋረጠ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጪ ነው፤ መንገደኛውም እንደ ድሮው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ወደ ሠፈሩ አይዘልቅም። በዚያ ላይ የፋብሪካ ቢራ በየመንገዱ አለ። በአገራችን የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ፋብሪካዎቹ በዝተዋል፤ ሐረርም የራሷ ቢራ ፋብሪካ ካገኘች ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗታል። የገብስና የጌሾ ዋጋም እየወጣ ነው። ቀድሞ አራት ጋን ይሞሉ የነበሩት እማማ አሁን የሚሞሉት ሁለት ነው።

መታወቂያው ላይ ያልተጻፈው ሥራ

በሦስተኛው ቀን ስሄድ የእማማ ታላቋ ሴት ልጅ ከሥራ መልስ መጥታ አገኘኋት። መምህርት ናት። ወንድሟ ሾፌር ነው፤ ታናሽ እህቷ ደግሞ ጅቡቲ ትሠራለች። ሦስቱም የተማሩት፣ የለበሱትና ያደጉት ከዚህ ጋን ነው።

መምህርቷ እናቷ ሥራውን እንዲያቆሙ ትፈልጋለች። «ዓይናቸውን እያጡ ነው። እኛ አለን፤ ለምን ይደክማሉ?» ትላለች። እማማ በበኩላቸው፣ «ጋኑን ብደፋው ነገ ጠዋት ምን ላድርግ? ከሰው እጅ መብላት አልለመድኩም» ብለው ይመልሳሉ። በመካከላቸው ብዙ ጊዜ የተነሣ ክርክር መሆኑ ያስታውቃል።

ከዚያ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ነገረችኝ። ተማሪ ሳለች በየዓመቱ መጀመሪያ ትምህርት ቤት የወላጅ ሥራ የሚሞላበት ቅጽ ይሰጣቸው ነበር። የአባቷን «የምድር ባቡር ሠራተኛ» ብላ በኩራት ትጽፋለች። የእናቷን ግን «የቤት እመቤት» ትላለች። አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዋ ተጣልታት፣ «የኮማሪት ልጅ!» ብላ ከሰደበቻት ወዲህ ወደ ቤት የምትመለሰው ሰው እንዳያያት በኋላ መንገድ ነበር። አባቷ የሞቱት ገና ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። ከዚያ በኋላ ደብተርና ዩኒፎርም የገዛላት ያ የምትደብቀው ሥራ ነው።

«አንድም ቀን ለእናቴ አልነገርኳትም» አለችኝ።

እማማ ለካ ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል። እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ወጡና፣ «መቼ አጣሁት? በኋላ መንገድ ስትመጪ በጭንቁሩ አይሽ አልነበር» አሉ። ከዚያም ወደ ሣጥናቸው ሄደው አሮጌ የቀበሌ መታወቂያዎቻቸውን አወጡ። ከአንዱ ወደ አንዱ ፎቶግራፉ ያረጃል። «ሥራ» በሚለው ፊት ለፊት ግን በሁሉም ላይ የተጻፈው አንድ ነው፦ የቤት እመቤት።

«ጸሐፊው ሲጠይቀኝ እንዲያ በል ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «እኔስ መቼ ደፍሬ ተናገርኩት? ታዲያ አንቺን ምን ብዬ እወቅስሻለሁ?»

ልጅቷ አለቀሰች። እኔም ማስታወሻዬን ዘጋሁ። የምንለው ነገር አልነበረንም።

እኛስ ምን እንበል?

እህቶቼ፣ ከዚህ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ስለ ሌሎች አገሮች ያነበብኩት ትዝ አለኝ። በእንግሊዝ አገርም በመካከለኛው ዘመን ከእህል የሚጠመቀውን መጠጥ በአብዛኛው የሚጠምቁት ሴቶች ነበሩ፤ በየቤታቸው ጠምቀው ለጎረቤት ይሸጡ ነበር። የሚደንቀው ደግሞ እነርሱም ከበራቸው ላይ ዘንግ ያወጡ ነበር፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ የቅጠል እስር ይታሰርበታል። ከጊዜ በኋላ ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅና ብዙ ትርፍ የሚያስገኝ ሲሆን ወደ ባለሀብቶችና ወደ ወንዶች ማኅበራት እጅ ገባ። ለሴቶቹ የቀረላቸው ከሥራው ይልቅ ስድቡ ነበር። የእኛም ኮማሪት የሚለው ቃል ወዴት እንደ ደረሰ እናውቃለን። ሥራው ያለ እርሷ አይሆንም፤ ስሟ ግን መሰደቢያ ነው።

ይህን ስጽፍ የመጠጥን ጉዳት ልሸሽግ ፈልጌ አይደለም። በመጠጥ የፈረሰ ትዳር፣ የተራበ ልጅ፣ የተደበደበች ሚስት በየሠፈራችን አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። እማማ ለዚህ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ለልጅ አይቀዱም። የሰከረ ሰው አይጨመርለትም። ደመወዝ በተከፈለ ቀን ደግሞ አንዳንዱን አባወራ ከሁለት ጣሳ በኋላ፣ «በል ተነሥ፤ ልጆችህ ይጠብቁሃል» ብለው ይሸኙታል። ገበያቸውን የሚጎዳ ነገር መሆኑን ባነሣባቸው፣ «የእርሱ ሚስት እኮ እኔ ነኝ። እኔም ባል ነበረኝ» አሉኝ። ሁሉም ጠላ ቤት እንዲህ ነው አልልም። እንዲህ ያለም መኖሩን ግን ማወቅ አለብን።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማር? አንደኛ፣ በየሠፈራችን ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ዳቦ ደፍታ ልጆች የምታሳድግ እናት ሥራዋ ሥራ መሆኑን እንመን። ልጆቻችንም በእናታቸው ሙያ የሌላውን ልጅ እንዳይሰድቡ ከቤታችን እናስተምር፤ ስድቡ ከትልቅ ሰው አፍ ካልወጣ ሕፃን ከየትም አያመጣውም። ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ ጡረታ የለውም። እናት ጉልበቷ ሳይደክም ከዕለት ገቢዋ ጥቂት ጥቂት እየቆረጠች በዕቁብ ወይም በቁጠባ ማኅበር እንድታስቀምጥ፣ ያደጉ ልጆቿም የሚቆርጡላትን ድርሻ በጊዜ እንዲወስኑ እንምከር። ሦስተኛ፣ ጢሱ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳልና እንኩሮ የሚታመስበት ጓዳ ቢያንስ ጢስ መውጫ ይኑረው። ይህ የብዙ ገንዘብ ጉዳይ አይደለም።

ከድሬዳዋ በተነሣሁበት ጠዋት ልሰናበታቸው ጎራ አልኩ። እናትና ልጅ ተስማምተው ነበር። ከእንግዲህ የሚጠመቀው አንድ ጋን ብቻ ነው፤ ጌሾ መውቀጡንና ጋን ማንሣቱን በቀን ሥራ የምትመጣ አንዲት ወጣት ትሠራለች። እማማ ደግሞ ጥንስሱን ያዳምጣሉ፤ ወጣቷንም ያስተምራሉ። ዓይናቸውንም ልጃቸው ሐኪም ቤት ልታሳይ ቀጠሮ ይዛለች። በዚያው ሳምንት የእማማ መታወቂያ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ኖሮ ቅጹን የሞላችው መምህርቷ ነች። «ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት በጥሩ የመምህር ጽሕፈቷ «ጠላ ጠማቂ» ብላ ጽፋለች።

እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ጽሕፈቱ ላይ ጣታቸውን አድርገው፣ «ይህ ነው?» አሏት።

«አዎ እማዬ፣ ይህ ነው» አለቻቸው።

እኔም መንገዴን ቀጠልኩ። ከግቢው ስወጣ ዞር ብዬ ወደ ላይ አየሁ። ጣሳው ተደፍቷል፤ ጠላ አለ ማለት ነው።